የተመረመረ ሽል ከአሜሪካ ላስመጣ ወይ?

ጥያቄ፦ «ቢሾፍቱ ዳር ወደ ሠላሳ የሚጠጉ የተዳቀሉ የወተት ላሞች አሉኝ። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ፣ እዚያ ሽሉ ማህፀን ከመግባቱ በፊት ከላዩ ትንሽ ተቆርጦ ዘረመሉ ይመረመራል ይለኛል። ሴት ይሁን ወንድ፣ በሽታ ይኑርበት አይኑርበት፣ ስንት ሊትር እንደምትታለብ ሳይቀር ይታወቃል አለኝ። እንዲህ ያለ ሽል በናይትሮጅን ልላክልህ እያለ ነው። መቆረጡ ጥጃውን አይጎዳም? ለእኔስ ያዋጣኛል?»

መልስ፦

ወንድምዎ ያለው ነገር በመሠረቱ እውነት ነው። «ስንት ሊትር» የምትለዋ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ገንዘብዎ የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚያች ላይ ነው። ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት መቁረጡን ላስረዳ፤ ሰው ሁሉ ሲሰማ የሚደነግጠው በእሱ ነውና።

የሚመረመረው ሽል የሰባት ቀን ዕድሜ ያለው ነው። በሁለት መንገድ ይገኛል። የቆየው መንገድ፣ ጥሩ የተባለችውን ላም ለአራት ቀን ያህል ጠዋትና ማታ ኤፍኤስኤች የሚባል ሆርሞን መውጋት ነው። በአንድ እንቁላል ፈንታ ብዙ ታወጣለች፣ ትዳቀላለች፣ በሰባተኛው ቀን ማህፀኗ በቀጭን ቱቦ ታጥቦ ሽሎቹ ይለቀማሉ። በአዲሱ መንገድ ደግሞ ባለሙያው በአልትራሳውንድ እያየ እንቁላሎቹን ከኦቫሪዋ ላይ በመርፌ ይመጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ላብራቶሪ ውስጥ ያልቃል፦ እንቁላሉ ይበስላል፣ ከኮርማው አባለዘር (የወንዴ ዘር ፈሳሽ) ጋር ይገናኛል፣ ሰባት ቀን በልኩ ሙቀት ያድጋል። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው የከብት ሽል የሚመረተው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

በሰባተኛው ቀን ሽሉ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሆን ነው። በዓይን ለማየት ያስቸግራል። ውስጡ ግን መቶ ያህል ሴሎች አሉ፤ ያኔም ለሁለት ተከፍለዋል። ወደ ውስጥ የተሰበሰቡት ጥጃ ይሆናሉ። ዙሪያውን የከበቡት የእንግዴ ልጅ ይሆናሉ። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ስር በጣም ቀጭን ምላጭ ወይም የመስታወት መርፌ ይዞ የሚወስደው ከውጪዎቹ ነው። አምስት፣ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ሴል። ጥጃ የሚሆነው ክፍል አይነካም።

ስለዚህ ጆሮው ወይም እግሩ ጎድሎ የሚወለድ ጥጃ ይኖራል ብለው አይስጉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሽል የጎደለውን ይተካል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን ሽል ለሁለት ከፍሎ መንታ ጥጆች ማስወለድ ይሠራበት ነበር። ግማሹ ተቆርጦለት ደህና ጥጃ የሚወጣው ሽል፣ አሥር ሴል ቢጎድለው አይደንቅም።

ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የሚነካው የመያዝ ዕድሉን ነው። የተቆረጠ ሽል ካልተቆረጠው በመጠኑ ያነሰ ይይዛል። ልዩነቱ የሚወሰነው በባለሙያው እጅና በሽሉ ጥራት ነው። ደካማ ሽል ከቆረጡ ሞተ ማለት ነው። ችግሩ የሚብሰው ደግሞ ከቆረጡት በኋላ ሲያቀዘቅዙት ነው። የዘረመሉ ውጤት በአንድ ቀን ስለማይደርስ ብዙ ጊዜ ሽሉ ናይትሮጅን ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። መቆረጥና መቀዝቀዝ፣ ሁለት ዱላ በተከታታይ ነው። ለእርስዎ የሚላከው ደግሞ የግድ የቀዘቀዘ ነው።

አሁን ምርመራው ምን እንደሚናገር እንይ። ቀላሉ ፆታ ነው። ላብራቶሪው በፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን አባዝቶ በሚመረምር ዘዴ፣ ወንድ ላይ ብቻ የሚገኘውን የዋይ ክሮሞዞም ቁራጭ ይፈልጋል፤ በጥቂት ሰዓት መልሱ ይታወቃል፣ ስህተቱም ጥቂት ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሽል መቁረጥ ሲባል በአብዛኛው ለዚህ ነበር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፆታው የተለየ አባለዘር፣ ያው ሴክስድ ሲመን የምንለው፣ ገበያ ላይ ሲወጣ ይህ ጥቅም ረከሰ። ሴት የሚያስወልደው የወንዴ ዘር ወንድ ከሚያስወልደው በ4 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ዲኤንኤ ይይዛል። መሣሪያው ያንን ልዩነት በብርሃን እየለካ አንድ በአንድ ይለያቸዋል። ከመቶ ጥጆች ዘጠና ያህሉ ሴት ይሆናሉ። አንዲት ዘንግ (ቀጭን ቱቦ) አባለዘር ይህን ካደረገችልኝ ለፆታ ብዬ ሽል የምቆርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ቀጥሎ በአንድ ጂን የሚመጡ በሽታዎች አሉ። እዚህ ላይ የአንድ ኮርማ ታሪክ ልንገርዎት፤ ምናልባት በእርስዎ ጋጥም የልጅ ልጅ ልጁ ይኖር ይሆናል። ፓውኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ ይባላል፣ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተወለደ ሆልስታይን ነው። ሴት ልጆቹ 16,000 ያህል ነበሩ፤ የልጅ ልጆቹ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ወተት በጣም ጨምሯል። ግን አፓፍ1 በሚባል ጂን ላይ የተበላሸ ቅጂ ተሸክሞ ነበር። አንዱን ቅጂ ብቻ የወረሰ ከብት ምንም አይሆንም። ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሽል ግን ማህፀን ውስጥ ይሞታል። ተሸካሚ ከተሸካሚ ጋር ሲዳቀል ከአራት ሽል አንዱ እንዲህ ነው። ገበሬው የሚያየው ምንድነው? ላሟ ተዳቀለች፣ ያዘች ተባለ፣ ከዚያ እንደገና ኮርማ ፈለገች። ጥፋቱ በአዳቃዩ ይላከካል፣ አለዚያ በመኖው።

ነገሩ የተገኘው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሆልስታይኖችን ዘረመል ሲያዩ፣ ያንን ቁራጭ ከሁለቱም ወገን የወረሰ አንድም በሕይወት ያለ ከብት አጡ። መኖር ሲገባው የሌለ ነገር መሆኑ ነው ያጋለጠው። በኋላ በተሠራ ግምት በ35 ዓመት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ፅንስ በዚህ ጠፍቷል፤ ኪሳራው 420 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። እንዲያም ሆኖ ቺፍ ያመጣው የወተት ጥቅም ከዚህ ኪሳራ በብዙ ይበልጣል። የከብት ማራባት ሒሳብ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ኮርማ ይዞት ይመጣል።

ሽል ተቆርጦ ይህን የመሰለ በሽታ ይታያል፣ አዎ። እርስዎ ግን ያንን ሁሉ መንገድ መሄድ አይጠበቅብዎትም። በውጭ አገር የኮርማ ካታሎግ ላይ ከስሙ አጠገብ ኮርማው የየትኛው በሽታ ተሸካሚ እንደሆነ፣ ከየትኛው ነፃ እንደሆነ በአጭር ምልክት ይጻፋል። ነፃ የሆነ ኮርማ ከመረጡ ላሟ ተሸካሚ ብትሆን እንኳ ሁለት የተበላሸ ቅጂ የያዘ ሽል አይፈጠርም። ይህ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም። አዳቃዩ አባለዘሩን ሲያመጣ የኮርማውን ስምና ቁጥር መጠየቅ ብቻ ነው። ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

አሁን ወደ ሊትሩ። ወተት የአንድ ጂን ሥራ አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጡበታል። በ2007 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ50,000 በላይ የዘረመል ምልክቶችን በአንዴ የሚያነብ የከብት ቺፕ ወጣ። በጥር 2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለሆልስታይንና ለጀርሲ በዚህ መንገድ የተሠራ ይፋዊ ግምት ማውጣት ጀመረች። ከዚያ በፊት አንድ ኮርማ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ሴት ልጆቹ ወልደው ሲታለቡ ነበር፤ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። አሁን ጥጃው እንደተወለደ ይገመታል። የጥጃዋን ወተት በወላጆቿ ብቻ ቢገምቱ አስተማማኝነቱ 35 በመቶ ገደማ ነው። በሆልስታይን ላይ ቺፑ ሲጨመር ወደ 70 ይወጣል።

ሽሉን መቁረጥ የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው። ከአንዲት ላምና ከአንድ ኮርማ ሃያ ሽል ተገኘ እንበል። በወረቀት ሃያዎቹም እኩል ናቸው፤ እናትና አባታቸው አንድ ነው። በእውነቱ ግን እያንዳንዱ የወረሰው ግማሽ ይለያያል፣ ልክ የአንድ ቤት ልጆች መልክና ጠባይ እንደሚለያየው። ቺፑ ከሃያው ሁለቱን ምርጥ ይነግርዎታል። አሥራ ስምንቱን ተቀባይ ላም (ሽሉን በማህፀኗ የምትሸከም ላም) ላይ አያባክኑም፣ ዘጠኝ ወር አይቀልቡም። ኮርማ ለማዳቀያ ድርጅቶች የሚሸጥ አርቢ በዚህ ሀብታም ይሆናል። የአንድ ኮርማ ዋጋ ብዙ ነውና የምርመራው ወጪ አይሰማውም።

ችግሩ የናሙናው ትንሽነት ነው። አንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ስድስት ሰባት ፒኮግራም ቢሆን ነው። አሥር ሴል ተወስዶ 70 ፒኮግራም አይሞላም። ቺፑ በተለምዶ የሚፈልገው 200 ናኖግራም ያህል ነው፤ አንድ ናኖግራም አንድ ሺህ ፒኮግራም ነው። ወደ ሦስት ሺህ እጥፍ መባዛት አለበት ማለት ነው። ሲባዛ ደግሞ አንዳንዱ ቦታ በደንብ ይቀዳል፣ አንዳንዱ ይዘለላል። ከእናት የመጣው ቅጂ ተነቦ የአባቱ ቢዘለል፣ ተሸካሚ የሆነው ሽል «ነፃ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በሽሉ ቅርፊት ላይ ተጣብቆ የቀረ የእናቲቱ ሴል ወይም የወንዴ ዘርም ውጤቱን ያዛባል። ጥሩ ላብራቶሪዎች የእናቱንና የአባቱን ዘረመል አብረው አንብበው የተዘለለውን በስሌት ይሞሉታል። ስለዚህ የወላጆቹ ዘረመል ያልተያያዘበት የሽል ውጤት ቢያሳዩኝ ብዙም አላምነውም።

እሺ፣ ይህ ሁሉ በትክክል ተሠራ እንበል። ውጤቱ ለእርስዎ ምን ይላል? መጀመሪያ ቆም እንበል ያልኩት ለዚህ ነው። ቺፑ በራሱ ወተት አያውቅም። ፊደል ብቻ ነው የሚያነበው። ያ ፊደል ስንት ሊትር ማለት እንደሆነ የሚነግረው፣ ዘረመላቸው ተነቦ ወተታቸው በየጊዜው ተመዝግቦ የተቀመጠላቸው እጅግ ብዙ ከብቶች መዝገብ ነው። የአሜሪካው መዝገብ የአሜሪካ ሆልስታይን ነው፤ እዚያ መኖ በልቶ፣ እዚያ አየር ላይ ኖሮ፣ በዓመት ከ10,000 ኪሎ በላይ የሚታለብ። የእርስዎ ላሞች ከቦረና ወይም ከአርሲ ደም የተቀላቀሉ ናቸው። የእኛ ባለሻኛ ከብትና የፈረንጁ ከብት የዘር ሐረጋቸው ከተለያየ በጣም ረጅም ዘመን ሆኖታል። እዚያ ወተትን የሚያመለክት የዘረመል ምልክት እዚህ ሌላ ነገር ሊያመለክት ይችላል፤ ወይም ምንም። ስለዚህ የአሜሪካውን ግምት እንዳለ አምጥቶ ዲቃላ ላይ መለጠፍ አይሠራም።

«የሚላክልኝ ንጹህ ሆልስታይን ነው፣ ግምቱ ይሠራል» ሊሉኝ ይችላሉ። ይሠራል፤ ለደረጃው። ከሁለት ሽሎች የትኛው ይሻላል የሚለውን በመጠኑ ይነግርዎታል። ሊትሩን ግን አይነግርዎትም። በፉርሽካና በፋጉሎ ዋጋ ስንቶቻችን እንደምንማረር እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ለ40 ሊትር የተፈጠረች ላም ለ15 ሊትር በሚበቃ መኖ ስትያዝ 15 ሊትር አትሰጥዎትም። መጀመሪያ ሰውነቷን አቅልጣ ታልባለች፣ ከዚያ ትከሳለች፣ ከዚያ አልይዝ ትላለች። ጎረቤትዎ ያለችው ዲቃላ በዚያው መኖ እየወለደች ትኖራለች።

ጋጥዎ ውስጥ ምን እንደሚሆን በቁጥር እንየው። አሥር ሽል መጣ እንበል። እያንዳንዱ፣ ኮርማ ከፈለገች ሰባት ቀን ገደማ የሆናት ተቀባይ ላም ይፈልጋል፤ ከአንድ ቀን በላይ ልዩነት ካለ የመያዝ ዕድሉ ይወርዳል። ስለዚህ ላሞቹን በሆርሞን አንድ ላይ ማምጣት፣ ሲንክሮናይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁሉም እሺ ስለማይሉ አሥር ለማግኘት ከአሥር በላይ ይዘጋጃሉ። ከሠላሳ ላሞችዎ ግማሹ ማለት ይቻላል። ተቆርጦ ከቀዘቀዘ ሽል፣ በጥሩ እጅ፣ አራቱ ቢይዙልዎት ደስ ይበልዎት። ያልያዙት ላሞች ጊዜያቸው ባክኗል። ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ ሽል አንዳንዴ ከልክ በላይ ትልቅ ጥጃ ይሆናል፤ ተቀባይዋ ትንሽ ጊደር ከሆነች ምጡ ያስፈራል። ከተወለዱት ሦስት አራት ጥጆች ወተት የሚያዩት ሁሉም ነገር ቀንቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በእርስዎ ቦታ ብሆን ያንን ገንዘብ እንዲህ አደርገዋለሁ። ጊደሮቼን ፆታው በተለየ አባለዘር አስዳቅላለሁ። ላሞችን ትቼ ጊደሮችን የመረጥኩት በደንብ ስለሚይዙ ነው፤ እዚያች ዘንግ ውስጥ ያለው የወንዴ ዘር ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው፣ ከተለመደው በጣም ያነሰ። ስለዚህ ኮርማ ፍለጋዋ በትክክል ታይቶ በሰዓቷ መዳቀል አለባት። ከዚያ የእያንዳንዷን ላም ወተት መመዝገብ እጀምራለሁ፤ ቢያንስ በወር አንድ ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ በኪሎ። ደብተር ይበቃል።

ዘረመል ማስመርመሩን ከወደዱት ደግሞ የተወለዱትን ጥጆች ያስመርምሩ። ከጅራት የተነቀለ ሥሩ ያልተበጠሰ ፀጉር ወይም ከጆሮ የተቆረጠች ቅንጣት ለቺፑ የሚበቃ ዲኤንኤ አላት፤ ማባዛት የለም፣ መዝለል የለም፣ የሚሞት ሽል የለም። ውጤቱ ሁለት ነገር ይነግርዎታል። አባቷ በእርግጥ ካርዱ ላይ የተጻፈው ኮርማ ነው ወይ? «75 በመቶ ፈረንጅ» የተባለችው ስንት በመቶ ናት? እዚህ አገር ከቃል የሚነገረውና ከዘረመል የሚወጣው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ገበያ ላይ ደግሞ ዋጋ የሚቆረጠው በዚያ በመቶኛ ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ከወተት አርቢዎች ጋር የላሞችን ወተትና ዘረመል አብሮ ሲመዘግብ ቆይቷል። ለዲቃላ ላም የሚሆን ግምት የሚወጣው ከእንዲህ ያለ መዝገብ ነው። ባለሙያ መጥቶ ላሞችዎን ልመዝግብ ካለዎት በሩን ይክፈቱለት።

ይህን ስል ሽል መቁረጥ ለኢትዮጵያ አይሆንም ማለቴ አይደለም። የሽል ዝውውር እዚያው ቢሾፍቱ፣ ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል፣ በቦረናና በዲቃላ ላሞች ላይ ተሠርቶበታል። ለአገር የሚሆን ኮርማ ለሚያመርቱ፣ እንደ ሆለታው የኮርማ እናቶች ጣቢያ ላሉ፣ መዝገቡ ሲሞላ ከሃያ ሽል ሁለቱን መምረጥ ትልቅ ነገር ይሆናል። የአንድ ኮርማ አባለዘር በሺህ ጋጥ ይገባል። ወጪው ለሺህ ጋጥ ይካፈላል። የእርስዎን ወጪ ግን የሚሸከመው አንድ ጋጥ ነው።

አሁንም ወንድምዎ «እልካለሁ» ካለ፣ ያልተቆረጠ ሽል ይላክ። ምክንያቱ ከመያዝ ዕድሉ በላይ ነው። የሰባት ቀን ሽል በአንድ ቅርፊት ተሸፍኗል። ቅርፊቱ ያልተነካ ሽል በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አሥር ጊዜ ይታጠባል፤ ብዙ የከብት በሽታዎችን ሳይሸከም ድንበር የሚሻገረው በዚህ ነው። ሲቆረጥ ቅርፊቱ ይቀደዳል። ስለዚህ የተቆረጠ ሽል በተለየ ደንብ ነው የሚታየው፤ መቆረጡ፣ ከመቆረጡ በፊት መታጠቡ ሁሉ የጤና ሰርተፊኬቱ ላይ መስፈር አለበት። ያ ካልተጻፈ መግቢያው ላይ ዕቃዎ ሊያዝ ይችላል። የማስገቢያ ፈቃዱን ከመክፈልዎ በፊት ከሚመለከተው የግብርና መሥሪያ ቤት ይጨርሱ፤ ሽሉ መንገድ ላይ ሆኖ ፈቃድ ማሯሯጥ አይሆንም።

ሻጩን ደግሞ በምን ዘዴ እንደቀዘቀዘ ይጠይቁ። በኤቲሊን ግላይኮል ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ከሆነ፣ አዳቃዩ ዘንጉን ለብ ባለ ውኃ አቅልጦ በቀጥታ ማስገባት ይችላል። ቪትሪፋይ የተደረገ፣ ማለትም በጣም በፍጥነት የቀዘቀዘ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በማይክሮስኮፕ ስር በተለያየ ፈሳሽ ውስጥ ደረጃ በደረጃ መቅለጥ አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ሰውና ዕቃ አጠገብዎ ከሌለ አይቀበሉት። ናይትሮጅን በየስንት ቀኑ ከየት እንደሚሞሉም አስቀድመው ይወቁ። ታንኩ ከደረቀ ውስጡ ያለው ሽል ሁሉ ያበቃለታል፤ የተመረመረውም ያልተመረመረውም።